የመጀመሪያ ርዳታን ለተማሪዎች እንዴት እናስተምር

የመጀመሪያ ርዳታ በጥቁር ሰሌዳ ተጽፎ፣ በደብተር ተገልብጦ፣ በፈተና ተጠይቆ ካለቀ፣ ተማሪው ፊቱ ሰው ሲወድቅ ቆሞ ያያል። ትርጉሙን ያውቀዋል፤ እጁ ግን አያውቀውም። ስለዚህ ጥቂት ነገር መርጣችሁ እያንዳንዱ ተማሪ በገዛ እጁ እስኪለምደው ድረስ አስደጋግሙ። ሃያ ርዕስ የሰማ ልጅ በጭንቅ ሰዓት አንዱንም አያገኘውም፤ አምስት ነገር የለመደ ግን እጁ ቀድሞት ይጀምራል።

አምስቱ እነዚህ ናቸው፦ ርዳታ መጥራት፣ ትንፋሹ የቆመን ሰው ደረት መጫን (ብዙዎች ሲፒአር የሚሉት)፣ የሚፈስ ደም ማቆም፣ ራሱን ስቶ የሚተነፍስን ሰው በጎን ማስተኛት፣ የታነቀን ሰው መርዳት። ነስር፣ ቃጠሎና የሚጥል በሽታ በእነዚህ ላይ ይታከላሉ። ሥራቸው ከባድ ሆኖ አይደለም፤ በየቤቱ በስሕተት የሚደረገው ስለበዛ ነው።

ከየትኛው ክፍል እንጀምር ለሚለው፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ትልቅ ሰው መጥራት፣ ያሉበትን ቦታ መናገርና ሰውን በጎን ማስተኛት ይችላሉ። 5ኛና 6ኛ ክፍል ላይ ደም ማቆም ይጨመራል። ደረት መጫን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. የደገፈው ዓለም አቀፍ መግለጫም ከ12 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ሁለት ሰዓት ይሰጥ ይላል። ቀጭን የ12 ዓመት ልጅ የትልቅ ሰው ደረት በቂ ጥልቀት ድረስ ለመጫን ክብደቱ ላይበቃው ይችላል። ቅደም ተከተሉንና ፍጥነቱን ግን በደንብ ይይዛል፤ ቤት ገብቶም ለታላቆቹ ያሳያል። ይህም ትልቅ ጥቅም ነው።

መጀመሪያ ያለውን ልማድ አውጡት

አዲሱን ከማስተማራችሁ በፊት ልጆቹ ከቤት ይዘውት የመጡትን እወቁ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ወረቀት ስጡ፤ ስም አይጻፍበት። ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ሰው ነስር ሲነስረው፣ እጁ ሲቃጠል፣ የሚጥል በሽታ ሲጥለው በእናንተ ሰፈር ምን ይደረጋል? ወረቀቶቹን ሰብስባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ራስን ወደ ኋላ ቀና ማድረግ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ ቅቤ፣ ቁስል ላይ ቡና መነስነስ፣ ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠፋም።

እያንዳንዱን ከነምክንያቱ አስረዱ፤ «ክልክል ነው» ብቻ ከተባለ ልጁ ቤት ሲገባ አያቱ ታሸንፈዋለች። ነስር የሚነስረው ሰው ራሱን ወደ ኋላ ካደረገ ደሙ ወደ ጉሮሮው ይወርዳል፤ ይውጠውና ያስመልሰዋል፣ ወይም ትን ይለዋል። ትክክሉ ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ማዘንበል፣ የአፍንጫን ለስላሳ ክፍል (አጥንቱን ሳይሆን ከአጥንቱ በታች ያለውን) በሁለት ጣት ለ10 ደቂቃ ሳይለቁ መያዝና በአፍ መተንፈስ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በየደቂቃው እየለቀቀ «ቆመ ወይ?» ብሎ ሲያይ ነው። ቡና ደሙን አያቆምም። ደም የሚያቆመው ግፊት ነው፤ ዱቄቱ ደግሞ ቁስሉን ያቆሽሸዋል፣ ጤና ጣቢያ ሲደርስም ታጥቦ መውጣት አለበት። የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥና ቅቤ የተቃጠለው ቆዳ ሙቀቱን እንዳያወጣ ይሸፍኑታል፤ ማብረድ የሚችለው ውኃ ነው።

ስለ ክብሪቱ ረጋ ብላችሁ አስረዱ። የሚጥል በሽታ የአንጎል የኤሌክትሪክ ሥራ ለአፍታ መታወክ ነው። አብዛኛው ጊዜ በራሱ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ያበቃል። ክብሪት ሲጫር ቆይቶ ሰውየው ሲነቃ ክብሪቱ ያነቃው ይመስላል፤ ሳይጫርም ይነቃ ነበር። ጢሱ በዚያ ሰዓት በደንብ ለማይተነፍስ ሰው ጉዳት ነው፣ እሳቱም ፊት ሊያቃጥል ይችላል። አረፋው በሽታውን እንደማያስተላልፍም በግልጽ ተናገሩ። በክፍላችሁ ይህ ሕመም ያለበት ልጅ ሊኖር ይችላልና ማንንም አትጠቁሙ፤ ዓይናችሁም ወደ እሱ አይሂድ።

አንድ ጥንቃቄ፦ «እናቶቻችሁ ተሳስተዋል» አትበሉ። እናቶች ያላቸውን ይዘው ልጃቸውን ለማዳን የሮጡ ናቸው። «አሁን ከዚያ የተሻለ መንገድ አለ፣ እናንተም ውሰዱላቸው» ብትሉ ልጁ በኩራት ይነግራቸዋል።

የመለማመጃ ደረት መሥራት

ደረት መጫንን በሕያው ሰው ላይ በፍጹም አታለማምዱ። የጤነኛ ልጅ ደረትን በሙሉ ኃይል መጫን የጎድን አጥንት ይሰብራል፣ የውስጥ አካልም ሊጎዳ ይችላል። የቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ባለበት ከተማ ለዚህ ልምምድ የተሠራውን የሰው አምሳያ አሻንጉሊት ለአንድ ቀን መዋስ ወይም አሠልጣኙን ከነአሻንጉሊቱ መጋበዝ ይቻላል፤ መጠየቁ አይከፋም። ግን 60 ተማሪ ያለበት ክፍል አንድ አሻንጉሊት ይዞ ቢለማመድ፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው። ያ ትምህርት አይባልም። ስለዚህ ቢያንስ ስድስት የመለማመጃ ደረት ራሳችሁ ሥሩ።

ለአንዱ የሚያስፈልገው አሮጌ እጅጌ ያለው ሹራብ፣ ባለ 2 ሊትር ሁለት የለስላሳ መጠጥ ባዶ ጠርሙስ፣ የፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ (ውፍረቱ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር)፣ ብጣሽ ጨርቅ፣ መርፌና ክር ነው። የለስላሳ ጠርሙስ የመረጥነው ጋዙን እንዲችል ተብሎ ከውኃ ሃይላንድ ወፍሮ ስለሚሠራ ነው፤ የውኃው ቶሎ ይሰባበራል።

የሹራቡን የታች ጠርዝ ስፉት። ጠርሙሶቹን በደንብ ከድናችሁ ጎን ለጎን፣ አንገታቸውን ወደ ራስጌ አድርጋችሁ መሐል ላይ አስተኙ። ክዳኑ ላልቶ ከሆነ አየሩ ይወጣና ደረቱ ተጭኖ ይቀራል፤ ሳንባና ደረት ግን መመለስ አለባቸው። ከላይ ስፖንጁን አድርጉ፣ ዙሪያውን በጨርቅ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉት፣ አንገቱን ስፉት። የጨርቅ ኳስ ከላይ ብታስሩለት ራስ ይሆናል፤ ልጆቹ አገጭ ማንሳትን የት እንደሚሠሩ ያያሉ። በስተመጨረሻ ደረቱ መሐል ላይ የእጅ መዳፍ የምታርፍበትን ቦታ በክር ወይም በማርከር ምልክት አድርጉ።

ከዚያ ፈትኑት። ሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጡት፣ አጠገቡ ማስመሪያ አቁሙ፣ አንድ ጎልማሳ መምህር ክንዱን ቀጥ አድርጎ ይጫን። ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር መውረድና ሲለቀቅ መመለስ አለበት። በአንድ እጅ በቀላሉ የሚወርድ ከሆነ ጨርቅ ጨምሩ። ለስላሳ ደረት ላይ የለመደ ልጅ እውነተኛውን ሲነካ «በጣም ጠንካራ ነው፣ አይጫንም» ብሎ ያቆማል፤ ከዚህ የከፋ ሥልጠና የለም። ጠርሙሱ መሐሉ ላይ ታጥፎ መስመር ካወጣ ቀይሩት።

በዚህ ደረት እስትንፋስ መስጠትን ማለማመድ አይቻልም። ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል መጫን ብቻ ይበቃል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አፍ ለአፍ መተንፈስን በእውነተኛ አሻንጉሊት፣ ከእያንዳንዱ ተማሪ በኋላ ፊቱን በአልኮል እየጠረጋችሁ፣ ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ያስተምር። በተለይ ሐይቅና ወንዝ ዳር ያላችሁ ይህን አትዝለሉት፤ ውኃ የበላው ሰውና ሕፃን ልጅ ከመጫኑ በፊት አየር ያስፈልጋቸዋል።

ደረት መጫንን ማስተማር

መምህሩ አራት ጊዜ ያሳያል። አንደኛ፣ ምንም ሳይናገር በእውነተኛው ፍጥነት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሠራዋል። ሁለተኛ፣ ቀስ ብሎ እያንዳንዱን ከነምክንያቱ እየተናገረ። ሦስተኛ፣ ተማሪዎች «አሁን ይህን አድርግ» እያሉ ያዙታል፣ እሱ ይሠራል። አራተኛ፣ ተማሪው ራሱ እየተናገረ ይሠራል። ይህ ሁሉ ከ8 ደቂቃ አይበልጥም። ቀሪው ጊዜ የልጆቹ ነው፦ ለአንድ ደረት አስር ልጅ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ደቂቃ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ከመቅረብ በፊት አካባቢውን ማየት። የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የሚመጣ መኪና፣ እሳት አለ? ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ከመንካት በፊት ከቆጣሪው ላይ ማጥፋት ይቀድማል። የመንገድ ሽቦ ከሆነ ማንም አይጠጋ፤ እንጨትም ቢሆን አያድንም።

ትከሻውን ይዞ እየነቀነቁ «ወንድሜ! ይሰማዎታል?» ብሎ መጮህ። መልስ ከሌለ «ርዱኝ!» ብሎ መጥራት።

በጀርባው አስተኝቶ ግንባሩን በአንድ እጅ ወደ ኋላ፣ አገጩን በሁለት ጣት ወደ ላይ ማድረግ። ይህ ምላስ ጉሮሮውን እንዳይዘጋው ነው። ከዚያ ጆሮን ወደ አፉ አስጠግቶ ደረቱን እያዩ እስከ 10 ሰከንድ መጠበቅ፦ ደረቱ ይነሳል? ትንፋሽ ይሰማል?

እዚህ ላይ ቆማችሁ አንድ ነገር አስረዱ፣ ብዙ ሰው የሚጠፋው በእሱ ነው። ልብ ከቆመ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ሰው ሊያጣጥር ይችላል፤ አፉን ከፍቶ፣ አልፎ አልፎ፣ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ እያወጣ። ዙሪያው የቆመው ሰው «ይተነፍሳል፣ ተዉት» ይላል። ማጣጣር ትንፋሽ አይደለም። ይህን ድምፅ መምህሩ ራሱ አውጥቶ ያሰማቸው፤ ልጆቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ሁለተኛው ላይ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ አይረሱትም።

በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ አንዱ ይደውል፣ ሌላው ይጫን። ሰውየው አልጋ ላይ ካለ ወደ መሬት ይውረድ፤ ፍራሽ ግፊቱን ይበላዋል። ወፍራም ጋቢ ወይም ጃኬት ካለ ይገለጥ፣ ቀጭን ልብስ ግን አያስቸግርም፤ የሴቶችን ደረት ለማራቆት መጨነቅም አያስፈልግም።

ጎኑ ተንበርክኮ የአንዱን እጅ የመዳፍ ሥር በደረቱ መሐል፣ በፍርምባው አጥንት የታችኛው ግማሽ ላይ ማሳረፍ፣ ሌላውን እጅ ከላይ ደርቦ ጣቶችን መቆላለፍ። ክንድ ቀጥ፣ ትከሻ ከእጅ በላይ። ከወገብ እየተነሱ በሰውነት ክብደት መጫን፦ ጥልቀት ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ፍጥነት በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ከእያንዳንዱ ግፊት በኋላ እጅን ሳያነሱ ደረቱ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ መልቀቅ፤ ልብ በደም የሚሞላው ያን ጊዜ ነውና። ለሕፃናት አንድ እጅ በቂ ነው፣ ጥልቀቱም የደረቱ አንድ ሦስተኛ ነው። እስትንፋስ የሚሰጥ ከሆነ 30 ጊዜ ተጭኖ 2 ጊዜ መተንፈስ፤ እያንዳንዱ እስትንፋስ አንድ ሰከንድ፣ ደረት እስኪነሳ ብቻ። ከዚያ በላይ ከተነፈሰ አየሩ ሆድ ገብቶ ያስመልሰዋል።

ስለ መቁጠር፦ በአማርኛ ከአንድ እስከ አስር ቁጥሩ አጫጭር ስለሆነ እጅን ይጠብቃል። ከአስራ አንድ በኋላ ግን «አስራ ሰባት፣ ሃያ ስምንት» እየረዘመ ይሄድና እጅም አብሮ ይዘገያል። ስለዚህ ከአንድ እስከ አስር ሦስት ጊዜ አስቆጥሩ፤ በየአስሩ መጨረሻ ጎን ያለው ልጅ ጣቱን ያነሳል። ፍጥነቱን መለካት ከፈለጋችሁ፣ 30ው ከ15 እስከ 18 ሰከንድ ውስጥ ማለቅ አለበት። ከ15 በታች ከሆነ ጥልቀቱ እየጠፋ ነው፤ ከ18 በላይ ከሆነ ዘግይቷል። የሙዚቃ መምህር ካላችሁ ከበሮ በ110 ምት ይምታላችሁ፣ ካልሆነ በስልክ ላይ የሚገኝ የምት መቁጠሪያ ይሠራል።

የሚታዩት ስሕተቶች ተመሳሳይ ናቸው። ልጆች «ልብ በግራ ነው» ተብለው ስላደጉ ወደ ግራ ይጫናሉ፤ እዚያ የጎድን አጥንት ይሰበራል፣ ልብም በመሐል አይጨመቅም። ክንዳቸውን ያጥፋሉ፤ ከዚያ በጡንቻ ስለሚሠሩ በአንድ ደቂቃ ይደክማሉ። ወደ ሆድ ይወርዳሉ። ሲደክማቸው ደረቱ ላይ ይደገፋሉ፣ ስለዚህ አይመለስም። በየሁለት ደቂቃው ይቀያየሩ፣ መቀያየሩም ከ5 ሰከንድ አይለፍ። «አልደከመኝም» የሚል ልጅም ይቀየር፤ ጥልቀቱ ከድካሙ ስሜት ቀድሞ ይወርዳል።

ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ብገድለውስ? ፖሊስ ቢይዘኝስ?» መልሱ ግልጽ ይሁን። ልቡ የቆመ ሰው ምንም ካልተደረገለት አንጎሉ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ መጎዳት ይጀምራል፤ የጎድን አጥንት ቢሰበር ይድናል። በሕጉም በኩል የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 የሚያስቀጣው በሕይወት አደጋ ላይ ያለን ሰው ራሱን አደጋ ላይ ሳይጥል መርዳት እየቻለ ጥሎ የሄደን ነው። እንዲህም ጨምሩላቸው፦ በደንብ ተጭነውም ብዙ ሰው አይነሳም፣ አምቡላንስ በሩቅ ባለበት ገጠር ደግሞ ይበልጥ። ይህን ቀድመው ካልሰሙ፣ አባቱን ለማዳን ሞክሮ ያልሆነለት ልጅ ራሱን ሲወቅስ ይኖራል። «የቻልከውን አድርገሃል፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» የሚለውን ከሥልጠናው ጋር ይስሙት። በቅርቡ ቤተሰብ የሞተበት ተማሪ ካለ ቀድማችሁ ለብቻው አነጋግሩት፤ መውጣት ቢፈልግ ያለ ምክንያት ይውጣ።

መጥራት ራሱ ትምህርት ነው

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። በብዙ ወረዳ ግን ሰው የሚደውለው በቀጥታ ለጤና ጣቢያው ወይም ለአምቡላንሱ ሹፌር ነው። ስለዚህ ከጤና ጣቢያው ትክክለኛውን ቁጥር ጠይቃችሁ በየክፍሉ በር ላይ በትልቁ ጻፉት፤ በየመንፈቁም ደውላችሁ አለመቀየሩን አረጋግጡ።

ችግሩ ብዙ ጊዜ አድራሻው ነው። የቤት ቁጥር በሌለበት ሰፈር «ቶሎ ኑ፣ ሰው ወድቋል!» ብሎ ስልኩን መዝጋት የተለመደ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይለማመዱ፤ አንዱ ደዋይ፣ አንዱ ተቀባይ። ደዋዩ የሚለው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ ክፍለ ከተማ ወይም ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ሁሉም የሚያውቀው ምልክት (ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ድልድይ፣ ወፍጮ ቤት)፣ ከዚያ በየት አቅጣጫ ምን ያህል። ቀጥሎ ምን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ ይተነፍሳል አይተነፍስም። ስልኩን የሚዘጋው ተቀባዩ ነው። ሌላ ልጅ አስፋልት ዳር ወጥቶ መኪናውን ይጠብቅ። ተቀባዩ የሰማውን መንገድ ወረቀት ላይ ይሣል፤ ሥዕሉ ደዋዩ ቤት ካልደረሰ እንደገና ይደወል። ይህ ልምምድ ልጆቹ በጣም የሚወዱት ነው፣ ለሚኒ ሚዲያም ጥሩ ጭውውት ይወጣዋል።

አምቡላንስ የማይደርስበት አካባቢ ከሆናችሁ ቃሬዛ መሥራትን ጨምሩ። ሁለት ጠንካራ አጣና፣ አንድ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ። ሰው ከመጫኑ በፊት ጤነኛ ተማሪ ከመሬት ጉልበት ከፍታ ድረስ ብቻ ተነስቶ ይፈተሽ። የመኪና አደጋ የደረሰበትን ሰው ግን እጅና እግሩን ይዞ ጎትቶ ማንሳት አከርካሪውን ሊያጠፋው ይችላል፤ እሳት ወይም የሚመጣ መኪና ካላሰጋ ጭንቅላቱን በሁለት እጅ ደግፎ ባለበት ማቆየት ይሻላል።

ደም ማቆም

ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ውኃና የተቀቀለ ቀይ ሥር ጭማቂ ቀላቅሉ። ክዳኑን በምስማር ብሱት። መጀመሪያ ሙሉውን ሲሚንቶ ላይ አፍስሱት። ግማሽ ሊትር ምን ያህል ሰፍቶ እንደሚታይ ያያሉ፤ ያን ጊዜ ትልቅ ሰው ወደ 5 ሊትር ደም እንዳለው፣ 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ግን ከሁለት ሊትር ትንሽ ቢበልጥ እንደሆነ ንገሯቸው። ቀጥሎ ጠርሙሱን እንደገና ሞልታችሁ አንዱ ተማሪ በእጅጌው ውስጥ ይዞ እየጨመቀ ያፍስስ፣ ሌላው ያቁም።

ደም የማቆሙ መንገድ እንዲህ ነው። ጓንት ከሌለ እጅን በፌስታል መሸፈን። ንጹሕ ጨርቅ (የታጠበ ነጠላ፣ መሐረብ) ቁስሉ ላይ አድርጎ በሁለት እጅ በኃይል መጫን። ሰውየውን ማስተኛት። ለ10 ደቂቃ ሳይገልጡ መያዝ። ጨርቁ በደም ከራሰ ሳያነሱ ሌላ መደረብና ግፊቱን ማጠንከር፤ የመጀመሪያውን ካነሳችሁት የረጋው ደም አብሮ ይነሳል። ከዚያ በፋሻ ወይም በሻሽ ጠበቅ አድርጎ ማሰር። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ በጣም ጠብቋል፣ ይላላ። ስለት ወይም እንጨት ተሰክቶ ከሆነ አይነቀልም፤ ግራና ቀኙ ይጫናል። በአፈር የቆሸሸ ቁስል ሁሉ ለመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ብቻ የእጅና የእግር ደም በግፊት እምቢ ሲል ከቁስሉ በላይ ማሰርን አሳዩ። ማሰሪያው ስፋቱ ከ4 ሳንቲ ሜትር አይነስ (ሽቦና ቀጭን ገመድ ሥጋ ይቆርጣሉ)፣ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ መገጣጠሚያ ላይ አይሁን፤ በእንጨት እየተጠመዘዘ ደሙ ሲቆም ይታሰር። ሕክምና እስኪደርስ አይፈታም። የታሰረበት ሰዓት ግንባሩ ላይ ወይም ወረቀት ላይ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። «4:00» ብቻ ከተጻፈ ሐኪሙ በፈረንጅ ሰዓት ሊያነበው ይችላል።

በእባብ የተነደፈ እግር ግን አይታሰርም፣ አይበጣም፣ በአፍ አይመጠጥም፣ ጥቁር ድንጋይም አይለጠፍበትም። እንደተሰበረ እግር በእንጨት ደግፋችሁ ሳይራመድ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

በጎን ማስተኛት፣ ሲጥል፣ ሲታነቅ፣ ሲቃጠል

ራሱን የሳተ ግን በደንብ የሚተነፍስ ሰው በጀርባው ከቆየ ምላሱ ወይም ትውከቱ ያፍነዋል። ውኃ አፉ ውስጥ ማፍሰስም ያው ነው። ጎኑ ተንበርክካችሁ ወደ እናንተ ያለውን ክንድ ወደ ጎን ዘርጉ፤ የማዶውን እጅ አምጥታችሁ ጉንጩ ሥር ያዙ፤ የማዶውን ጉልበት አጥፋችሁ በእሱ ወደ እናንተ ሳቡት። ጉልበት እንደ ማንሻ ስለሚሠራ የ10 ዓመት ልጅ ጎልማሳን ሊያዞር ይችላል። አፉ ወደ መሬት ያዘንብል፣ አገጩ ይነሳ፣ በየደቂቃው ትንፋሹ ይታይ። ይህ በሕያው ሰው ላይ ለመለማመድ ምንም ጉዳት የለውም፤ ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ ይጣመሩ፣ ሜዳ ላይ በስፖርት ልብስ ይሁን።

የሚጥል በሽታ የጣለውን ሰው አትያዙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ምድጃና ዴስክ አርቁ፣ ሹራብ አጥፋችሁ ራሱ ሥር አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎን አስተኙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው ወይም የመጀመሪያው ከሆነ ወደ ሕክምና ይሂድ።

የታነቀ ሰው የሚያስል ከሆነ ተዉት፣ ሳሉ ከእናንተ ይበልጣል። ድምፅ ካጣና ካልሳለ ውኃ አትስጡት፤ ወደ ፊት አዘንብላችሁ በትከሻ አጥንቶቹ መካከል በመዳፍ ሥር 5 ጊዜ ምቱ። ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ ጡጫችሁን ከእምብርቱ በላይ፣ ከፍርምባው በታች አድርጋችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳቡ፤ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ለእርጉዝና ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን በሆድ ፈንታ ደረት ይጫናል። ራሱን ከሳተ ደረት መጫን ይጀመራል። በልምምድ ጊዜ ቦታውን ማሳየት እንጂ መምታትም መሳብም የለም።

ቃጠሎ በቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይበርድ። ቧንቧ ከሌለ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በደቂቃ አንድ ሊትር ያህል እየተንቆረቆረ በትክክል 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከሥር ሳፋ ከተደረገ ደግሞ ያው ውኃ ይደገማል። በረዶ አይሁን። ቀለበትና አምባር እብጠቱ ሳይጀምር ይውለቅ፣ ቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ አይላቀቅ፣ ውኃ የቋጠረውም አይፈንዳ። ሲበቃ በንጹሕ ፌስታል ላላ አድርጎ መሸፈን ይቻላል፤ እንደ ጨርቅ አይጣበቅም።

መፈተንና መድገም

ፈተናው በወረቀት አይሁን። ከሳምንት በኋላ፣ ሳይነገር፣ በዕረፍት ሰዓት የመለማመጃ ደረቱን ሜዳ ላይ አስቀምጣችሁ አንድ ተማሪ ጥሩ፦ «ይህ ሰው አሁን ወደቀ።» ያዩትን ምልክት አድርጉ፦ አካባቢውን አየ? ጠራ? በ10 ሰከንድ ትንፋሽ አየ? እጁ መሐል ነው? 30ው ከ15 እስከ 18 ሰከንድ ውስጥ አለቀ? ደረቱ ይመለሳል? የተሳሳተ ልጅ ውጤት አይቀነስበት፤ እዚያው ታርሞ እንደገና ይሥራው።

የተማሩት ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ መጥፋት ይጀምራል። ስለዚህ መስከረም ላይ ሙሉውን ሰጥታችሁ፣ የካቲት ሁለተኛው መንፈቅ ሲከፈት አስር አስር ደቂቃ ድገሙት። ድጋሚውን የቀይ መስቀል ክበብ የ11ኛ ክፍል አባላት ለታናናሾቻቸው ቢሰጡት፣ የሚያስተምረውም ልጅ ይበልጥ ይይዘዋል።

የርዳታ ሳጥኑ ብዙ አይፈልግም፦ አንድ ፓኬት ጓንት፣ 20 ጎዝ፣ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር አስር ፋሻ፣ ስድስት ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ሳሙና፣ አጠገቡ ሁልጊዜ የሞላ ጀሪካን። ክኒን አይግባበት። ቁልፍም አይኑረው፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ስብሰባ በሄደበት ቀን ነው አደጋው የሚመጣው። ተሰርቆ የሚጎድለውን ጎዝ በየወሩ መተካት ይቀላል።